የሐጂ ፓርክ በርና የኒሙ ጥላ

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ከሰዓት በኋላ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት አለ፤ ማታ አለ። መሃሉን የሚያውቀው የለም።

አትሳቅ፣ የምሬን ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት አካባቢ ጫቱ ከኢትዮጵያ ይገባል። የጫት መኪኖች ጥሩምባ ከተማውን ያናውጠዋል። ከዚያ በኋላ ቢሮው ይዘጋል፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ግንበኛው ሲሚንቶውን እንዳቦካው ትቶት ይሄዳል። ሁሉም የጫት እስሩን በብብቱ ሸጉጦ መብረዝ ይገባል። መብረዝ ማለት ጫት የሚቃምበት ክፍል ነው። ምንጣፍ አለው፣ ትራስ አለው፣ ማራገቢያ አለው። መስኮቱ ዝግ ነው። እዚያ ውስጥ መርከብ ይገዛል፣ ልጅ ይዳራል፣ አገር ይመራል። ሰው የሚወጣው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ውጭው ምን ሲሆን እንደዋለ ማንን ትጠይቃለህ?

እኔን ጠይቀኝ። እኔ አልቅምም።

ጨዋ ሆኜ እንዳይመስልህ። ልጅ ሳለሁ እዚሁ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ከየመብረዙ ደጃፍ ገራባ እለቅም ነበር። ገራባ ቃሚው ለስላሳውን ጨርሶ የሚጥለው ጠንካራ ቅጠል ነው። ፍየል ይበላዋል። እኔም በላሁት። ረሃብ ያስታግሳል ብለውኝ ነበር። ረሃቡን ትቶ እንቅልፌን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሽታው ሲመጣብኝ መንገድ እቀይራለሁ። ስለ ገራባ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ስለዚህ ከተማው ሲዘጋ እኔ ውጭ ነኝ። መንገዱ የኔ ነው፣ ሙቀቱም የኔ ነው። የዚህን ከተማ ከሰዓት በኋላ ከኔና ከፍየሎች በቀር በደንብ የሚያውቅ የለም። ይህን የምነግርህ ልመካ ብዬ አይደለም። የወጌ ነገር ሁሉ እዚች ላይ ስለሚንጠለጠል ነው።

ሥራዬ አትክልት መትከል ነው። ስሜ ታደሰ ነው፤ ሰው ግን ጃርዲን ይለኛል፣ በፈረንሳይኛው አትክልት ቦታ እንደማለት። ጅቡቲ ውስጥ አትክልተኛ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ? አፈሩ ጨው ነው፣ ውሃው ጨው ነው፣ ካምሲን የሚሉት የበጋ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ አየሩ ራሱ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። እኔ የምተክለው የሚያድገውን አይደለም። ቶሎ የማይሞተውን ነው።

ሐጂ ያሲን አንድ ጠዋት አስጠራኝ። ጠዋት መሆኑን ያዝልኝ፣ ኋላ ይፈለጋል።

ሐጂ የድሬ ልጅ ነው። አንቱ ያላልኩት ንቄው አይደለም። አንቱ ብትለው «አረጀሁ እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ድሮ ከቀፊራ ገበያ ጨርቅ እያመላለሰ ጀመረ፤ ዛሬ ጎማና ማቀዝቀዣ ያስመጣል። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ ታች ስወርድ ስለምረሳው ነው። ለችግረኛ ይሰጣል። እዚህ የሞተ ኢትዮጵያዊ ሬሳው አገሩ ይግባ ሲባል ቀድሞ እጁን ኪሱ የሚከተው እሱ ነው። ብቻ አጥር ይወዳል። ምን ላድርገው?

የወሰደኝ ባልባላ ከሚባለው ሰፈር ወደ መሃል ከተማ በሚያወርደው መንገድ ዳር ካለ ባዶ ቦታ ነው። የልጆች መጫወቻ ፓርክ ሊያቆም ነው። የሚሽከረከረውን፣ የሚወዛወዘውን፣ የሚንሸራተተውን ዕቃ ሁሉ አዝዟል። የቀረው መግቢያው ነው። በሩን፣ ከበሩ ፊትና ኋላ ያለውን አትክልት፣ አጥሩን። ያን ለኔ ሰጠኝ።

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ዱባይ ነው። ሣር፣ ፏፏቴ፣ ዘንባባ። በሩ ላይ አፉን የከፈተ፣ ቤት የሚያህል የሚያስፈራ ዓሣ። ሰው በዓሣው አፍ ይገባል።

«ይሄን ነው የምፈልገው» አለኝ። «ወላሂ፣ ይሄንኑ።»

«ሣሩን በምን ታጠጣዋለህ?» አልኩት።

«በውሃ ነዋ!»

«በየትኛው ውሃ?»

«አቦ ታዴ፣ ገና በጠዋቱ አታበላሽብኝ!»

ተከራከርን። ሣሩ ቀረ፣ ፏፏቴው ቀረ፣ በቦታቸው ነጭ ጠጠርና ውሃ የማይጠይቅ ቁጥቋጦ ገባ። ዓሣውን ግን አልተውም አለ። ዓሣው የልጆቹ እናት ምርጫ ነው። ይሁን አልኩ። እኔን ያናደደኝ ዓሣው አይደለም።

ከመንገዱ ዳር አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። የድሬ ሰው ኒምን ሲያይ ዘመዱን ያየ ይመስለዋል። ከዛፉ ሥር ፋጡማ ጫት ትሸጣለች። ጠረጴዛዋ ላይ እርጥብ ጆንያ ጣል አድርጋ፣ ከሥሩ እስሮቹን ደርድራ። ድሬ ያደገች ሴት ናት፣ ምላሷ ስለት ነው። በዙሪያዋ ሚኒባስ የሚጠብቁ የባልባላ ሰዎች ይቀመጣሉ። የወደብ ተራ የሚጠብቁ የእኛ አገር የከባድ መኪና ሾፌሮች አሉ። አካፋቸውን አቅፈው የቀን ሥራ የሚጠብቁም አሉ። ሁሉም ጠባቂ ነው። ለጠባቂ ያለው አንድ ዛፍ ነው።

«መጀመሪያ ይሄ ዛፍ ይቆረጥ» አለ ሐጂ።

ለምን አልኩት።

«አታይም እንዴ ከሥሩ ያለውን? ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የሚያየው ይሄን ነው? እግሩን የዘረጋ ሾፌር? አካፋ የታቀፈ ሥራ ፈት?»

ሥራ ፈት ሳይሆኑ ሥራ የሚጠብቁ መሆናቸውን ነገርኩት። ልዩነቱ አልታየውም። ደግነቱ ለዛፍ የሚሆን ክርክር ነበረኝ። ይህን የሚያህል ኒም ተክዬ ላሳድግልህ ብል አንተም አትደርስበት፣ እኔም አልደርስበት አልኩት። ዛፉን ቀና ብሎ አየው። ዕድሜውን የሚያሰላ ይመስል ነበር።

«እሺ፣ ይኑር» አለ። «አጥሩ ግን በመንገዱ በኩል ይለፍ። ዛፉ ውስጥ ይግባ። ጥላው የኛ ነው። ከአጥሩ ሥር ደግሞ ሾጣጣ ሾጣጣ ድንጋይ በሲሚንቶ ትከልልኝ። ማንም እንዳይቀመጥ።»

ጥላው የኛ ነው።

ወዳጄ፣ ይህቺን ቃል እኔ ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ።

ከድሬ የመጣሁት በድሮው ባቡር ነው፣ በዕቃ ፉርጎ፣ ተደብቄ። ጀማል ከሚባል ልጅ ጋር። የዛሬው የኤሌክትሪክ ባቡር ናጋድ ጣቢያ ላይ ሰውን በመልካም ሁኔታ ያወርደዋል። እኛን ያወረደን አልነበረም። ዘለን ነው የወረድነው። ጠዋት ጠዋት ወደብ አካባቢ ዱቄት እንሸከም ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ሥራው ይቆማል፤ ምክንያቱን ነግሬሃለሁ። አለቆቹ መብረዝ ገቡ። እኛ የት እንግባ?

በባሕሩ በኩል አንድ ትልቅ ቤት ነበር። የግንብ አጥሩ ከፍ ያለ ነው። ከሰዓት የግንቡ ጥላ መንገዱ ላይ ይወድቃል። ጠባብ ናት፣ ሁለት ልጅ ጀርባውን ለጥፎ ቢቀመጥ ትበቃለች። እዚያ እንቀመጥ ነበር። ዘበኛው ወጥቶ ተነሡ ይላል። መንገድ ላይ ነው እኮ የተቀመጥነው አልነው። መንገዱ የመንግሥት ነው፣ ጥላው የቤቱ ነው አለን። እንዲህ ነው ያለን። ሲሰለቸው ውሃ ቢደፋብን ባመሰገንነው። እሱ ግን አዋቂ ነበር። አንድ ቀን ከጥላው ሥር የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደፋበት።

ያን ቀን ጀማል ትኩሳት ይዞት ነበር። ዘይቱ ላይም ቢሆን ተቀመጥ አልኩት። ያለኝ አንድ ሱሪ ነው አለኝ። እውነቱን ነው። በዘይት የተነከረ ልጅ ዱቄት አያሸክሙትም። ከዘይቱ ወዲያ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ተኛ። የተኛ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፀሐይ መትቶት ራሱን ስቷል።

በሚቀጥለው ባቡር ወደ ድሬ አሳፈርኩት። ሲሳፈር ስሜን ረስቶ ነበር። ይድረስ አይድረስ የነገረኝ የለም። በቃ።

እና ሐጂ ጥላው የኛ ነው ሲለኝ ምን ይሰማኝ? ደሜ ፈላ። እጄ ላይ የነበረውን ሜትር ጥዬለት ልሄድ ነበር። ከዚያ አሰብኩ። እኔ ብሄድ ድንጋዩን ሌላ ይተክለዋል። ሾጣጣ ድንጋይ ለመትከል ጎበዝ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ እሺ አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ እሺ ብዬ አላውቅም።

ቆይ፣ እስቲ ስለነዚህ ድንጋዮች አንድ ነገር ልበል። በየከተማው እያየሁ ነው። ሱቅ ደጃፍ ላይ ብረት ሾሎ ይተከላል። የግንብ ጫፍ ላይ ጠርሙስ ይሰበራል። ይህን የሚያደርገው ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ እግሬን ደከመኝ ይላል እኮ! መቀመጫ ይፈልጋል። መቀመጫ የሚያስፈልገው አካል ለሱ ብቻ የተሰጠው ይመስል። ደግሞ አንዳንዱ ያማረ መግቢያ ሥራልኝ፣ ሰው ይሳብልኝ ይልሃል። ሰው እንዲመጣ የሚፈልግ ግን ሰው እንዲቀመጥ የማይፈልግ! ሰው ምን ሆኖ ይምጣለት? ቆሞ?

እሺ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ። ተናድጄ ነው።

መንገዱ ከፓርኩ በስተምሥራቅ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከመንገዱ ማዶ ስትወጣ የኒሙ ጥላ ወደ ውስጥ፣ ወደ ግቢው ይተኛል። ከሰዓት ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስትዞር ጥላው ተነሥቶ ይወጣል። አጥሩን ይሻገርና መንገዱ ዳር ይተኛል። አጥር ሰው ያግዳል እንጂ ጥላ አያግድም። ፓርኩ የሚከፈተው መቼ ነው? ከሰዓት ነዋ፤ ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት ነው። ሐጂ ቦታውን የሚያየው መቼ ነው? ጠዋት ብቻ። ከሰባት ሰዓት በኋላ ያንን መሬት በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም። አለመቃም ይበቃል።

ደብቄው እንዳይመስልህ። ነግሬዋለሁ። ሐጂ፣ አንድ ቀን ከሰዓት መጥተህ እየው አልኩት።

«ከሰዓት? እኔን?» ብሎ ሳቀ። «ወላሂ ከሰባት ሰዓት በኋላ እኔን የሚያገኘኝ መልአከ ሞት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ጫማውን አውልቆ መብረዝ ይግባ።»

የምነግረውን ነገርኩ። ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ።

የቀረው የሾጣጣው ድንጋይ ነገር ነው። እሱን በፍየል ፈታሁት። የጅቡቲን ፍየል ታውቃለህ አይደል? ካርቶን ትበላለች፣ ፌስታል ትበላለች፣ ከግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ልጣ ትበላለች። ከአጥሩ ሥር ቡገንቪል አበባ እተክላለሁ፣ ፍየል ደግሞ ትጨርሰዋለች አልኩት።

«ድንጋዩ ያቆማታል» አለ።

«ሾጣጣ ድንጋይ? እሷ ተራራ ላይ ያደገች ናት፣ ደስ ነው የሚላት። ለፍየል የሚሆነው ግንብ ነው። ወፈር ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ላዩ ልስልስ ያለ።»

«ከፍታውስ?»

«እስከ ጉልበት።»

«ጉልበት ብቻ? ፍየል ጉልበት ያቅታታል?»

«ልስልስ ካለ ያንሸራትታታል» አልኩት፣ ዓይኑን እያየሁ።

ፍየል ግድግዳ እንደምትወጣ የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። ሐጂም ያውቃል። ግን ሰዓቱ ወደ ሰባት እየተጠጋ ነበር። ሰባት ሰዓት ሲጠጋ ሐጂ ለምንም ነገር እሺ ነው የሚለው። የዚህ ከተማ ሥራ ሁሉ የሚፈረመው በዚያች ሰዓት ነው። ብልህ ሰው ጥያቄውን እስከዚያ ያቆያል።

«እሺ፣ እሺ፣ ሥራው» አለና መኪናው ውስጥ ገባ።

ሠራሁት። አጥሩን ከኒሙ ወዲህ በመንገዱ በኩል አሳለፍኩት። ከአጥሩ ውጭ ያን ግንብ አቆምኩ። እስከ ጉልበት፣ ሰፊ፣ ላዩ በሲሚንቶ የተለሰነ። ጀርባህን አጥሩ ላይ ጥለህ እግርህን ብትሰቅልበት የመብረዝ ትራስ አያምርህም። ሐጂ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ውስጡን ይጎበኛል። ከኒሙ በስተምዕራብ፣ ጥላው ውስጥ፣ ወንበር አስመጥቶ ይቀመጣል። ነፋስ አለው ይላል። እዚህ እናቶች ይቀመጡበታል ይላል። የሲሚንቶ አግዳሚዎች እዚያው እንዲተከሉ አዘዘ። እዚያው ተከልኩለት። አንዱንም ፈቀቅ አላደረግኩም።

አንድ ነገር ብቻ ከበደኝ። ፋጡማ።

አጥሩ ሲጀመር ሠራተኞቹ ከዛፉ ሥር አስነሡዋት፤ ከሰዓት ጥላው የሚወድቅበትን የመንገድ ዳር ደግሞ እስከ ምርቃቱ ድረስ አሸዋና ድንጋይ ከመሩበት። ጠረጴዛዋን ይዛ ከመንገዱ ማዶ ፀሐይ ላይ ቆመች። ጆንያዋን ታረጥባለች፣ ወዲያው ይደርቃል። ጫቱ ይጠወልጋል። የጠወለገ ጫት ማን ይገዛል? ደንበኞቿ ወደ ሌላ ነጋዴ ሄዱ። ሾፌሮቹም ሄዱ። የባልባላ ሰዎች ሚኒባሳቸውን ፀሐይ ላይ ይጠብቁ ጀመር። አንድ ቀን በአጠገቧ ሳልፍ፦

«ወሪያ፣ አንተ ጃርዲን!» ብላ ጠራችኝ። «እኔ ሰው መስለኸኝ!»

ቆም አልኩ።

«ዛፉን ባትቆርጠው ምን ዋጋ አለው? አሰርከው እኮ! ዛፍ ያስራል ሰው?»

ታገሺ አልኳት።

«ልጆቼን ትዕግሥት አበስልላቸዋለሁ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ልነግራት እችል ነበር። ግን ፋጡማ የሰማችውን ከተማው ይሰማዋል፣ ከተማው የሰማውን ደግሞ ሐጂ መብረዝ ውስጥ ይሰማዋል። ስለዚህ ስድቧን ዋጥኩ። ስድብ መዋጥ ከዱቄቱ ዘመን ጀምሮ እችላለሁ። ግን እሷ ፀሐይ ላይ በቆመች ቁጥር የማየው እሷን ብቻ አልነበረም። ይህን ካልኩ ይበቃል።

የምርቃቱ ቀን ደረሰ።

ከሰዓት ነው። ሐጂ ነጭ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ በዓሣው አፍ ቆመ። ስለ ዓሣው አልነገርኩህም ለካ። ግንበኛው ዓሣ መሆኑን እንዳንጠራጠር ብሎ ጥርስ አበዛበት። ሰማያዊ ቀባው፣ ምላሱን ቀይ አደረገው። የመጀመሪያዋ ልጅ ከአባቷ እጅ ወርዳ አፉን አየችና ጮኸች። ሁለተኛው ከእናቱ ቀሚስ ሥር ገባ። ልጆቹ በዚያ መግቢያ የገቡት እየተጎተቱ ነው። ከበሩ ጎን ደግሞ ሐጂ ራሱ ያጻፈው ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ በፈረንሳይኛ፣ በዐረብኛና በሶማሊኛ፦ እዚህ ውስጥ ጫት መቃም ክልክል ነው። የቤተሰብ ቦታ ነዋ።

እናቶቹ ገቡና ወደ አግዳሚዎቹ ሄዱ። የመጀመሪያዋ ተቀመጠች። ተቀመጠች ከምልህ ነካችው ብልህ ይሻላል። ብድግ ብላ ዘለለች። ሲሚንቶው ከቀትር ጀምሮ ሲጠበስ የቆየ ነው። ሌላዋ ሻርፗን አጥፋ አነጠፈች፤ እሷም ዘለለች። ከአግዳሚ አግዳሚ እየነኩ መዝለል ሆነ። ከፓርኩ ጨዋታዎች ሁሉ መጀመሪያ የተጀመረው ያ ነው።

ሐጂ ወደ ዛፉ አየ። ወደ አግዳሚዎቹ አየ። መሬቱን አየ። ከዚያ እኔን።

«ታዴ፣ ጥላው የት ሄደ?»

«ወጣ» አልኩት።

«የት ወጣ?»

በእጄ አሳየሁት። ከአጥሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር፣ የኒሙ ጥላ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። በግንቡ ላይ ሾፌሮቹ ጀርባቸውን ለፓርኩ ሰጥተው ተደርድረዋል። የባልባላ ሰዎች ዘንቢላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። የቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን አጥሩ ላይ ደግፈዋል። ፋጡማ ደግሞ ጠረጴዛዋን መልሳ መሃል ላይ ተክላለች። ጆንያዋ እርጥብ ነው። ወደ እኔ ቀና አላለችም።

«መልሰው!» አለኝ ሐጂ።

«ጠዋት ይመለሳል።»

ፊቱ ከዓሣው ምላስ ይበልጥ ቀላ። ዘበኛውን ሮብሌን ጠራው። እነዚያን አስነሣልኝ አለው። ሮብሌ ወጥቶ አየ፣ ተመልሶ መጣ። መንገድ ላይ ናቸው፣ የተቀመጡት መንገድ ላይ ነው አለ። ሐጂ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ አውቄዋለሁ። ጥላው የኛ ነው ሊል ነው። ልብ አድርገህ አስብ፤ ይህን ቀን ስንት ዘመን ጠበቅኩት? ምን እንደምመልስለት ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ዘበኛው፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ አንድ ሱሪ። በሰው ሁሉ ፊት ልነግረው።

አላለም። እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

ሰዓቱ አልፎበታል። እንግዳ ሲቀበል ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ስምንት አለፈ። ሰውየው አልቃመም። ዓይኑ ደፈረሰ፣ አፉን አዛጋው። ወደ መብረዙ እንዳይሄድ የራሱ ምርቃት ነው፣ እንግዳ ትቶ አይሄድም። ውስጥ ቁጭ ብሎ እንዳይቅም የራሱ ሰሌዳ በሦስት ቋንቋ ያፈጥበታል። አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ መንገዱን አየ። ከዚያ ነጭ ልብሱን ሰብሰብ አድርጎ በዓሣው አፍ ወጣ።

ፋጡማ ከሩቅ አየችው።

«ለሐጂ ቦታ ልቀቁ እንጂ! ጠጋ፣ ጠጋ በሉ፣ እናንተ ሾፌሮች!» ስትል ተሰማ። ለካ ለመብረዙም የምታቀርብለት እሷ ኖራለች። ከጆንያው ሥር የደህናውን አወጣችለት። ሐጂ በግንቡ ላይ ተቀመጠ። ጀርባውን አጥሩ ላይ ጣለ። የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ሲያላምጥ ከመንገዱ ማዶ ነፋስ መጣ። ከሾፌሮቹ አንዱ ውሃ አቀበለው። ሌላው ስለ ጎማ ዋጋ ጠየቀው። ጨዋታ ተያዘ።

ጥቂት ቆይቶ ጠራኝ። ፊቱ ተፈትቷል።

«አቦ ታዴ» አለኝ፣ «ይሄ ግንብ ጀርባ ይይዛል።»

«ለፍየል ነው» አልኩት።

«ዛፉን ማንም እንዳይነካው። ወላሂ፣ አንድ ቅርንጫፍ እንዳይቆረጥ!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሐጂ መብረዙን ዘጋው ማለት ይቻላል። ሁልጊዜ እዚያው ነው። ፋጡማ ቦታ አገኘች፣ ሾፌሮቹ ተመለሱ፣ ዛፉ ዳነ። እኔ ያልተናገርኩት ንግግር ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሰው ተዘጋጅቶ ሳይናደድ ሲቀር እንዴት እንደሚያናድድ ታውቃለህ?

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም።

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ስመለስ ሙቀቱ ገደለኝ። እስቲ እኔም በሠራሁት ግንብ ላይ፣ ባዳንኩት ጥላ ሥር አንድ ጊዜ ልቀመጥ አልኩ። ተቀመጥኩ። ከጎኔ ትንሽ ቦታ ተውኩ። ለማን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ዓይኔን እንደጨፈንኩ ጠረጴዛ ተንኳኳ።

«ጃርዲን፣ ጫት ላምጣልህ?»

አልቅምም አልኳት።

«እንግዲያው ተነሣልኝ። ቦታው የደንበኛ ነው።»

የቀልዷን መሰለኝ። ቀና ስል ከግንቡ ጫፍ አንድ አካፋ የያዘ ሰውዬ ፀሐይ ላይ ቆሟል። እሱንም ሳታስነሣው አልቀረችም። ፋጡማ፣ ይህን ግንብ የሠራሁት እኔ ነኝ አልኳት።

«አጥሩንስ ማን ሠራው?» አለችኝ።

ሾፌሮቹ ሳቁ። ሐጂ ጉንጩ እንደተወጠረ «ታዴ፣ ውስጥ አግዳሚ ሞልቶልሃል፣ ግባና ተቀመጥ!» አለኝ። ይባስ ብሎ ሮብሌ የዓሣውን አፍ ከፈተልኝ።

ተናደድኩ። ስናደድ ደግሞ የማደርገውን አላውቅም። እጄን ኪሴ ከትቼ ሁለት እስር ጫት ገዛሁ። አንዱን አካፋ ለያዘው ሰውዬ ሰጠሁትና ና ተቀመጥ አልኩት። ሌላውን ይዤ ተቀመጥኩ። ሽታው መጣብኝ፤ አልተነሣሁም። ፋጡማ አላስነሣችኝም፣ ደንበኛ ነኝ። ትንሽ ቆይቶ እጄ ላይ የሚጎትት ነገር መጣ። አንዲት ነጭ ፍየል ግንቡ ላይ ዘልላ ወጥታ፣ ያን የተውኩትን ቦታ ይዛ፣ ጫቴን ከጫፉ ጀምራ ትቆረጥመዋለች። ተውኳት።

አሁን በየቀኑ እንዲሁ ነው። እኔ እገዛለሁ፣ ፍየሏ ትቅማለች፣ ሁለታችንም ጥላ ውስጥ ነን። ፋጡማ ፍየሏን አስነሥታት አታውቅም። ትናንት ሐጂ ትክ ብሎ አያትና ወደኔ ዞረ።

«አንተ ታዴ፣ ይሄ ግንብ የፍየል መከላከያ ነው አላልከኝም?»

«ነው» አልኩት። «ይቺ ግን ደንበኛ ናት።»